ቤት የሌላቸው ቀንድ አውጣዎች

ቶሮንቶ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሽፈራው፣

እንዴት ነዎት? ዘርይሁን እንዴት ነው? ባለቤቱ ጸዮንስ? ትንሿ ልጃቸው ፅጌረዳ መቼም በቪዲዮ እንዳየኋት አይደለችም፣ አድጋለች። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ያው ስካርቦሮ አለሁ። ኔትወርካችሁ ከጠፋ ወዲህ ስንቴ ኮል እንዳደረግኩ አልነግርዎትም፤ "የደወሉላቸው ደንበኛ" የምትለዋ ሴትዮ ዘመዴ ሆናለች፣ ደህና ዋይ ልላት ነው የቀረኝ። አሁን ግን ጓደኛዬ ቴዎ አዲስ አበባ ሆኖ የኔን ደብዳቤ ፕሪንት አድርጎ በመኪና እንደሚልክልዎት፣ የእርስዎንም ፎቶ አንስቶ እንደሚልክልኝ ነገረኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ በሱ ወገን የቀሩኝ የአክስቱ ልጅ እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ ቢሰለችዎትም እጽፋለሁ።

የሰሙት ወሬ እውነት ነው፣ ዳይቪንግ ጀምሬያለሁ። እንዳይደነግጡ፣ ሴፍ ነው፣ ኮርስ ወስጃለሁ። ነርሲንግ ሆም ሽፍቴን ስጨርስ ፊንች ባስ ላይ እየተኛሁ ፑል እሄዳለሁ። በሐምሌ ደግሞ ኦፍ ወስጄ ኖቫ ስኮሺያ፣ ውቅያኖሱ ጋ እሄዳለሁ። የቮለንቲር ግሩፕ አለን፤ ሲ ስለግ የሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ሪኮርድ እናደርጋለን። ሰውዘርን ስፒሺስ ናቸው፤ ኖርዝ ላይ መታየት አልነበረባቸውም፣ ግን ውሃው እየሞቀ ስለሆነ ሾው አፕ እያደረጉ ነው። በጣም ኩል ነው ጋሼ፣ ቢያዩ!

ስለራሳችሁ ምንም አልጻፉልኝም። ሰላም ነው? ሁሉ ነገር ኦኬ ነው?

ልጅዎ ሔርሞን


ከቤት፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔርሞን፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ፣ ሳይረጥብ ይድረስሽ። እኛ አምላክ ይክበር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤሽን መነጽሬን ጠርጌ አነበብኩት፣ አልገባኝም። እንደገና ጠርጌ አነበብኩት፣ ባሰብኝ። "ዘርይሁን፣ ይቺ ልጅ ታማለች እንዴ?" አልኩት ልጄን። ሲ ስለግ ምንድን ነው? ሾው አፕ ምንድን ነው? ኩል ነው ትይኛለሽ፤ እኔ ኩል የማውቀው ሴት ዓይኗን የምትኳልበትን ነው።

ኧረ ልጄ! አማርኛ እኮ አልሞተም። እኔ ከጉባኤ ቃና ሳላልፍ ቅኔ ቤቱን ጥዬ ወፍጮ ቤት የገባሁ ሰው ብሆንም የቋንቋን ክብር አውቃለሁ። ዘርይሁን "አባዬ ሰው እንደምን አደርክ ሲለው እንኳ ሰሙን ገፍፎ ወርቅ ይፈልግበታል" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። አንቺ ግን ቀጥሎ ስትጽፊ አንዲት የፈረንጅ ቃል ባገኝ ደብዳቤውን ለቴዎ እመልስለታለሁ። የምታዪውን ፍጥረት በሀገርሽ ቃል ንገሪኝ፣ እኔም ልየው።

ስለ ውሃው ደግሞ እመክርሻለሁ፤ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ምን ጠፍቶብሽ ነው ባሕር ውስጥ የምትፈልጊው?

ሰላም ነው ወይ ላልሽው፣ ሰላም ነው። እኛ ከቆላ ወጥተን እዚህ ደጋ ስንሰፍር ዘርይሁን ገና ጡት አልጣለም ነበር፤ አሁን እሱ ራሱ የልጅ አባት ነው። ምን እንሆናለን? ወፍጮ ቤት የሚመጣው ሰው ትንሽ አንሷል። ዝናቡ ይሆናል። ፅጌረዳ አያቴ ዱቄት ነው ትላለች፣ ጢሜን እያየች።

አባትሽ ሽፈራው


ከቤት፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔርሞን፣

መልስሽን ሳልጠብቅ የምጽፈው ጨንቆኝ ነው። ባለፈው ዝናቡ ይሆናል ያልኩሽ ዝናቡ አይደለም። ሰው ሰላምታ ነስቶናል። አጥር የምንጋራው፣ ልጄን ክርስትና ያነሳ ጎረቤቴ ባለፈው በውሃ መውረጃ ቦይ ተጣላንና "እናንተ መጤዎች" አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረን ቀብረን፣ አብረን ድረን! ቃሏን የተናገረው በቁጣ ነው ብዬ ተውኩት። ግን ገበያ ላይም ሰማኋት፣ ወፍጮ ቤት በር ላይም።

አሁን ደግሞ መዝገብ የያዙ ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ሰው ይቆጥራሉ። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከታች ጀምረዋል፤ ነሐሴ ሳያልቅ እኛ መደዳ ይደርሳሉ። ቤታችን ካርታ እንደሌለው ታውቂያለሽ። ጸዮን እናቷ ዘንድ፣ ቆላ እንውረድ ትላለች። ዘርይሁን በዚህ ጭቃ ልጅ ይዞ መንገድ መግባት እብደት ነው ይላል። እኔ መሐል ቆሜያለሁ። እንሂድ ወይስ እንቆይ?

እዚያ ያላችሁ ከኛ በፊት ትሰማላችሁ። የሰማሽውን ጻፊልኝ። ግን አደራ፣ በግልጽ እንዳታደርጊው፤ ደብዳቤ ስንት እጅ ይቀይራል። በሌላ ነገር ሸፍነሽ ጻፊው፣ ወርቁን እኔ አወጣዋለሁ። ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም።

ሽፈራው


ቶሮንቶ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለጋሼ ሽፈራው፣

እነሆ ንጹሕ አማርኛ! የሰኔው ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ ከሱ ወዲህ የጻፉልኝ ካለ ገና አልደረሰኝም። ኩል የሚለው ላይ ስደርስ በሥራ ቦታ ብቻዬን ስስቅ አንዷ ባልቴት ምን ሆነሽ ነው አለችኝ፤ ምን ብዬ ላስረዳት! አሁን ቤተ ክርስቲያን የማውቀውን አቶ ገብረእግዚአብሔርን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ቃል እየተዋስኩ ነው የምጽፈው። የፈረንጅ ቃል ካገኙ ደብዳቤውን ሳይሆን እሱን ይመልሱት።

ከውቅያኖሱ የተመለስኩት ሰሞኑን ነው። የምንፈልጋቸው ፍጥረቶች ቤት የሌላቸው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። የምድሩ ቀንድ አውጣ ቤቱን ተሸክሞ ይዞራል፤ እነዚህ ቤት የላቸውም፣ ራቁታቸውን ናቸው። ሀገራቸው ቆላው ውሃ ነው። አሁን ግን ወጥተው ደጋው ውሃ ውስጥ ተገኙ። መጤ ናቸው። የኛ ሥራ መጤዎቹን መመዝገብ ነው፤ የት እንዳሉ፣ ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደሚበሉ።

አብራኝ የምትጠልቀው ፓትሪሺያ የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። እጄ ደንዝዞ፣ በቃኝ ልወጣ ነው ስል እሷ መብራቷን አንድ ድንጋይ ላይ አበራች። ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም ጋሼ። ጀርባው ላይ ጫፍ ጫፉ ብርቱካን የተቀባ የሚመስል ጸጉር አለው፣ ውሃው ሲነካው ይተኛል፣ ይነሳል። ውሃ ውስጥ ጮህኩ! አየር የምስብበት ጎማ ከአፌ ሊወድቅ ነበር። በዚህ ባሕር መጀመሪያ ያየሁት እኔ ሆንኩ፤ በኔ ስም ተመዘገበ።

ግን አሳዘኑኝ። ገና ፍልፍል ሳሉ ሞቅ ያለ ወራጅ ውሃ ተሸክሞ ያመጣቸዋል። በጋውን እየበሉ ያድጋሉ፣ ሀገራቸው ይመስላቸዋል። ብርዱ ሲመጣ ግን ኅዳርን አያልፉም። ዘር ሳይተኩ ያልቃሉ። የሚመዘገበውም የታየው ብቻ ነው፤ ሳይታይ የሄደውን ማንም አያውቀውም። እግር ቢኖራቸው ኖሮ ሳይመሽባችሁ ተመለሱ እላቸው ነበር።

ስለናንተ ይጻፉልኝ። ፅጌረዳን ይሳሙልኝ፣ ዱቄት እንዳይቀቧት ብቻ።

ልጅዎ ሔርሞን


ከቤት፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብልኋ ልጄ ለሔርሞን፣

እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ ዘመንሽ ይባረክ። የልመናዬ መልስ ደረሰኝ፣ ገባኝም። "ደብዳቤዎ አልደረሰኝም" ብለሽ መጀመርሽን ሳይ እንባዬ መጣ። ማን ያስባታል ይህችን ጥንቃቄ! አባትሽ ቢኖር በኮራ ነበር። ያ ገብረእግዚአብሔር የምትይውም ቀላል ሰው አይደለም፣ ቅኔ ቤት ሳይውል አልቀረም።

"ቤት የሌላቸው" ስትዪ ካርታ የሌለን እኛ ነን። "ከቆላ ወጥተው ደጋ የተገኙ መጤዎች" ብለሽ ሰሙን ይህን ያህል ስታሳሺው ደንግጬ ግራ ቀኝ አየሁ። መመዝገቡን ነገርሽኝ። ኅዳርን አያልፉም አልሽኝ። "ዘር ሳይተኩ" ብለሽ ደግሞ የልጄን ስም አስገባሽልኝ፤ ዘርይሁንን። እዚህ ላይ መነጽሬን አውልቄ ተቀመጥኩ። "ሳይታይ የሄደውን ማንም አያውቀውም" ያልሽው ሳይቆጥሯችሁ ውጡ ማለትሽ ነው።

ዘርይሁን አስቸገረኝ። አንብቦ ሳቀ። "አባዬ፣ ስለ ቀንድ አውጣ ነው የጻፈችው" አለኝ። "አንተ ሰሙን ነው የምታየው" አልኩት። ብዙ ተከራከርን። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ለኔ ስትል አልኩት። መጨረሻ ላይ "እሺ፣ አንተን ደስ ካለህ" አለ። ለጸዮን እንዳይዘረዝርላት፣ ሔርሞን ውጡ ብላለች ብቻ እንዲላት ነገርኩት፤ ትሸበራለች ብዬ ነው። ደብዳቤሽን እሳት ውስጥ ጨመርኩት።

ነገ ጠዋት እህል ጭኖ በሚወርድ አይሱዙ ይሄዳሉ፤ ይህ እጅሽ ሲገባ ደርሰው ስለሚሆን ነው በግልጽ የጻፍኩልሽ። እኔ ወፍጮውን ጠብቄ እቀራለሁ፤ የኔ ነፍስ ያው ነች። ጸዮን ለፅጌረዳ ሁለት ሹራብ ደርባባታለች፣ ቆላ ሊወርዱ! አፏን ሞልታ ስቃለች ዛሬ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ያንቺ ውለታ ነው።

አባትሽ ሽፈራው


ቶሮንቶ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ሽፈራው፣

የሐምሌው ደብዳቤዎ ገና ዛሬ ደረሰኝ፤ ቴዎ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነበር አለኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻችሁን ነበራችሁ።

እኔ ምንም አልሰማሁም። አሁን ሁሉንም ጠየቅኩ፣ ከናንተ አካባቢ የመጡትን ሁሉ ኮል አደረግኩ። ስለ ቆጠራውም፣ ስለ ምኑም የሰማ የለም። ስለዚህ ሸፍኜ የምጽፈው ነገር የለኝም። በሐሳብ ከዘርይሁን ጋር ነኝ፤ በዚህ ዝናብ ልጅ ይዛችሁ መንገድ አትውጡ። እባክዎ ቤት ይቆዩ። የሚያስፈራ ነገር ብሰማ በግልጽ፣ በቀጥታ እነግርዎታለሁ።

ያለፈውን የቀልድ ደብዳቤ በዚህ ጭንቅ ውስጥ ስለላክሁብዎት አፈርኩ።

ሔርሞን


ቶሮንቶ፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ጋሼ፣

ስለ ቀንድ አውጣ ነው የጻፍኩት! ሌላ ምንም የለበትም። ቀንድ አውጣ ነው! ዘርይሁን ልክ ነው። በማርያም፣ ሂዱ አላልኩም። ዘር ያልኩት እንቁላላቸውን ነው። አልደረሰኝም ያልኩት እውነትም ስላልደረሰኝ ነው።

መጤ የሚለውን ቃል እኔ አላውቀውም ነበር፤ አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር ስወጣ። አቶ ገብረእግዚአብሔር የግብርና ሰው ነው፣ ሐይቅ የወረረ አረም ሲያስነቅል የኖረ፤ ለሱ መጤ ማለት አረም ነው። ዛሬ ደብዳቤዎን ሳነብለት ራሱን ይዞ ተቀመጠ። በእንግሊዝኛ ብጽፍልዎት ምን ነበረበት!

ደረሱ? ቴዎ የሚያውቀው የለም። አንዲት መስመር ብቻ ይጻፉልኝ፣ ደረሱ ብቻ ይበሉኝ። ሥራ ላይ ሰው ሲያናግረኝ አይሰማኝም።

ሔርሞን


ከቤት፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሔርሞን፣

የዘገየሁት ብዕር መያዝ አቅቶኝ ነው። አልደረሱም። ወንዙ ቁልቁለት ላይ ጭቃው መኪናውን አንሸራቶት ገደል ገባ። ዘርይሁንና ፅጌረዳ እዚያው ቀሩ። ጸዮን ጭኗ ተሰብሮ ተርፋለች። ሁለቱን እዚህ አምጥተን ቀበርናቸው። ያ መጤ ያለኝ ጎረቤቴ የልጄን ሬሳ ከፊት ሆኖ ተሸከመ፤ ከድንኳኑም ሳይጠፋ ሰነበተ። ምን ልበለው? አብሬው አለቀስኩ።

ቆጣሪዎቹ እኛ ቤት የደረሱት ከቀብሩ በኋላ ነው። የሚቆጥሩት ሕፃናትን ነው፣ ለኩፍኝ ክትባት። "እዚህ ቤት ልጅ አለ?" አለችኝ አንዷ። የለም አልኳት። ጻፈችና ሄደች።

የጳጉሜን ደብዳቤሽ "ቤት ይቆዩ" ይላል። እሱንም የመስከረሙንም አንድ ላይ ነው ያገኘኋቸው። ልጄ ነግሮኝ ነበር ሔርሞን። ስለ ቀንድ አውጣ ነው አለኝ፣ እየሳቀ። እኔ ነኝ፣ አዋቂ ነኝ ባዩ፣ ልጄን ከነልጁ በቅኔ የገደልኩት። ይህን ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ።

አልተናገርኩም ግን። የምጽፍልሽም ለዚህ ነው። ጸዮን እኔው ጋ ናት፤ በክራንች ነው የምትሄደው። እናቷ ዘንድ መውረድ አትፈልግም፤ መቃብራቸው እዚህ ነው። ምግቤን የምታቀርብልኝ እሷ ናት። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ የምትረግመው አንቺን ነው። "እዚያ ተመችቷት ተቀምጣ ውጡ ብላ ልጄን አስበላችኝ" ትላለች። ደብዳቤውን አሳየኝ ብላኝ ነበር፤ ተቃጥሏል አልኳት፣ እሱስ እውነት ነው። ምን ይል ነበር አለችኝ። ተነስቼ ወደ ወፍጮው ሄድኩ።

እውነቱን ብነግራት ከዚህ ቤት ትወጣለች። ብትወጣም እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረኝ ወፍጮው ነው። የፈሩት ይደርሳል፤ እኔ ግን እየተጎተትኩ ሄጄ ነው ያመጣሁት። ልጄ፣ እርግማኑ ላንቺ አይገባም፣ አውቃለሁ። ውቅያኖስ ማዶ ሆነሽ አይደርስብሽም ብዬ ራሴን አታልላለሁ። እንድትሸከሚልኝ ነው የምለምንሽ። እምቢ ብትዪኝ አልቀየምሽም።

ሽፈራው


ቶሮንቶ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ ሽፈራው፣

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ባስ ላይ ነው። መውረጃዬን አልፌ ባሱ መጨረሻ እስኪደርስ ተቀመጥኩ፤ ሹፌሩ መጥቶ አስነሳኝ።

ተናድጄብዎታለሁ። መደበቅ አልችልም። ዘርይሁን እየሳቀ ነግሮዎት ነበር፣ ለምን አልሰሙትም? ሌሊቱን ሁሉ ይህንኑ ስጠይቅ ነጋብኝ። ደግሞ ቃሉን የጻፈው የኔ እጅ ነው። ጽፌ ስጨርስ ለአቶ ገብረእግዚአብሔር ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ "አቤት አማርኛ!" አለኝ፣ ኮራሁ። እሱ አሁን ቤተ ክርስቲያን ሲያየኝ በሌላ በር ይወጣል።

ፓትሪሺያ ደውላ ነበር። ውሃው በርዷል፣ ያ ያየነው ድንጋይ ላይ ምንም የለም አለችኝ። ከቡድኑ ስሜን እንድታወጣ ነገርኳት። ለምን ስትለኝ ስልኩን ዘጋሁት።

ጸዮን ትርገመኝ። ከጠየቀችዎት ውጡ ያልኩት እኔ ነኝ ይበሏት፤ አጣርቼ፣ አውቄ ነው የጻፍኩት ይበሏት። ደጋግማ ብትጠይቅዎትም እንዳትጠራጠር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቃል ይናገሩ። እሷ ሰው ያስፈልጋታል፣ እርስዎም።

ግን እንግዲህ ይህ የመጨረሻዬ ነው ጋሼ። ልጇን ካስበላቻት ሴት ደብዳቤ ሲቀበሉ ካየችዎት ምን ይሏታል? አልጽፍልዎትም። እርስዎም በቴዎ በኩል አይላኩብኝ። ኔትወርኩ ሲመለስም አይደውሉልኝ፤ እኔ ብደውል ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት።

ሔርሞን